ሞተሩ ተለወጠ፣ መንቀጥቀጡ ከየት መጣ?

ሸዋ ሮቢት ላይ ሰው ተረጋግቶ የሚያወራው ጀንበር ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። እትዬ ግቢ፣ ማንጎው ሥር ሰሌን ተነጥፎ ጀበናው ተጥዷል። ጋሼ ከፒካፓቸው ሥር ወጥተው እጃቸውን በሳሙና ሲፈትጉ ቆዩና መጥተው ተቀመጡ። ግራሶው ግን ከጥፍራቸው ሥር አልለቀቀም። እትዬ የመጀመሪያውን ስኒ እያቀበሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«እስቲ አንተ ንገረኝ። ሞተሩ ተለወጠ። ክሮቸራው ሦስት ጊዜ ተለወጠ። ጎማውም ተለወጠ። ታዲያ ይኼ መኪና ምን ሆኖ ነው እንደ ወባ በሽተኛ የሚንቀጠቀጠው?»

ጥያቄው ቀላል አይደለም። መልሱን ለማግኘት የሚያስፈልገው ዕቃ ግን ሁሉም እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር፦ ሰፌድ፣ የቡና ፍሬ፣ ግንበኛው ረስቶት የሄደው ውኃ ልክና ቱምቢ።

መጀመሪያ ስለ መኪናው ልንገራችሁ። የጋሼ ፒካፕ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የተሠራ ቶዮታ ላንድክሩዘር ነው፤ ባለ 45 የሚባለው፣ ቀፎው የማይሞት። ሲገዙት ባለ 6 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ነበረው፤ 2ኤፍ፣ 4.2 ሊትር። ጉልበቱ ግሩም ነው፤ ቤንዚን አጠጣጡ ግን ሽንኩርት ጭኖ ለሚያድር ሰው የሚቻል አይደለም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ባለ 4 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ከነካምቢዮው ገዙ። 3ቢ ይባላል፣ 3.4 ሊትር። አንድ ጋራዥ ገጠመላቸው። ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ይነሣል፣ ጭስ የለውም፣ ዘይት አያንጠባጥብም። የሞተር ቁጥሩም ሊብሬው ላይ እንዲቀየር ደጅ ጠንተው አስጨርሰዋል። ነገር ግን ፍጥነቱ 50 ሲደርስ ወለሉ ያጉረመርማል፣ የማርሹ ዘንግ ይርገበገባል፤ 60 ላይ በጎን መስታወቱ የሚታየው የኋላ መንገድ ሁለት ይሆናል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ክሮቸራ በላ። ሦስቱም የኋላው ነበሩ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

መኪና ሥር ገብቶ የማያውቅ ሰው ሞተሩ ጎማውን ቀጥ ባለ ብረት የሚያዞረው ይመስለዋል። አይደለም፤ ሊሆንም አይችልም። ሞተሩና ካምቢዮው ሻንሲው ላይ በቡሎን ታስረዋል። የኋላው አክስልና መሐሉ ላይ ያለው ዲፈረንሻል ግን ባሌስትራ ላይ ነው የተንጠለጠለው፤ ጉድጓድ ሲገኝ ይወርዳል፣ ጉብታ ሲገኝ ይወጣል። አንዱ ቆሞ ሌላው በሚደንስበት ቦታ ቀጥ ያለ ብረት ቢገባ በመጀመሪያው ጉድጓድ ይሰበራል። ስለዚህ ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ረጅሙ ቧንቧ፣ ፕሮፔለር ሻፍት የሚባለው፣ በሁለቱም ጫፉ መታጠፊያ ተሰጠው። ክሮቸራ ያ መታጠፊያ ነው።

ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፤ መስቀለኛ ማለት ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ዳዶ የሚሉት የጋራዥ ቃላት ሁሉ ከዚያው ሰፈር ናቸው። ጣርማ በር ላይ ተራራውን የቀደደው ዋሻ በጣሊያን ወረራ ዘመን እንደተሠራ ሁሉ፣ የመካኒኩ ቋንቋም በዚያው መንገድ ገብቶ ቀረ። ክሮቸራም እውነትም መስቀል ነው። አራት ክንድ አለው። ሁለቱን ክንድ የካምቢዮው ሹካ ይይዛቸዋል፣ ሁለቱን ደግሞ የሻፍቱ ሹካ። በእያንዳንዱ ክንድ ጫፍ ቆብ አለ፤ በቆቡ ውስጥ መርፌ የሚያካክሉ ሮለሮች ግራሶ ውስጥ ተደርድረዋል። ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። ፈረንጆች ከጣሊያናዊው ጀሮላሞ ካርዳኖ (1501–1576) ጋር ያያይዙታል፤ ካርዳን የሚለውም ስም ከእሱ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክም በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎበታል። ለመኪና የሚሆነውን አሠራር አሜሪካዊው ክላረንስ ስፓይሰር እ.ኤ.አ. በ1903 በፓተንት አስመዘገበ።

መስቀሉ ኃይልን አጥፎ ያስተላልፋል። ግን አንድ ጠባይ አለው፤ የጋሼም ጣጣ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

«እትዬ፣ ሰፌዱን ያቀብሉኝ» አልኳቸው። ካልተቆላው ቡና 12 ፍሬ ቆጥሬ በሰፌዱ ጠርዝ ዙሪያ እንደ ሰዓት ቁጥር እኩል እኩል አራርቄ ደረደርኩ። ጠፍጣፋ መሬት ላይ አስቀምጠው ከላይ ሲያዩት ክብ ነው፤ የፍሬዎቹም ርቀት አንድ ነው። ከዚያ የሰፌዱን የወዲያኛውን ጫፍ በጡብ ከፍ አደረግሁትና «አሁንም ከላይ፣ ቀጥ ብለው ይዩ» አልኳቸው። ክቡ እንቁላል ሆነ። በግራና በቀኝ ጫፍ ያሉት ፍሬዎች የተጠጋጉ መሰሉ፤ በወዲያና በወዲህ ያሉት ግን እንደተራራቁ ናቸው።

አሁን አንዲት ጉንዳን በሰፌዱ ጠርዝ እኩል ፍጥነት ይዛ ትዞራለች እንበል። እሷ ፍጥነቷን አልቀየረችም። ከላይ ለሚያያት ሰው ግን በግራና በቀኝ በኩል ስታልፍ የዘገየች፣ በወዲያና በወዲህ ስታልፍ የፈጠነች ትመስላለች። በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ትዘገያለች፣ ሁለት ጊዜ ትፈጥናለች። ክሮቸራው ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ እዚያ መምሰል ሳይሆን እውነት መሆኑ ነው። ያዘነበለው ሰፌድ የካምቢዮው ሹካ ነው፤ ከላይ የሚያየው ዓይን ሻፍቱ ነው። ካምቢዮው እንደ ሰዓት እኩል ቢዞርም፣ ታጥፎ የተቀበለው ሻፍት በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይቀደማል፣ ሁለት ጊዜ ይቀድማል።

ምን ያህል? እጥፋቱ 3 ዲግሪ ከሆነ ምንም አይደለም ማለት ይቻላል። ካምቢዮው በደቂቃ 2,000 ሲዞር ሻፍቱ በ1,997 እና በ2,003 መካከል ይዋልላል። 10 ዲግሪ ሲሆን ከ1,970 እስከ 2,031 ይሆናል። 20 ዲግሪ ላይ ከ1,879 እስከ 2,128። እንግዲህ ማዕዘኑ እጥፍ ሲሆን ጣጣው እጥፍ አይሆንም፤ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ከ3 ወደ 6 ዲግሪ መሄድ ትንሽ ነገር የሚመስለው ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው።

እትዬ የቡና ፍሬውን እየለቀሙ ወደ ማሰሮው መለሱና «ታዲያ መኪና ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበራ!» አሉ።

ትክክል ናቸው። የማይንቀጠቀጠው ከኋላ ሁለተኛ ክሮቸራ ስላለ ነው። የፊተኛው ያጎደለውን የኋለኛው ይሞላል፤ የፊተኛው ያስቸኮለውን የኋለኛው ይይዛል። መሐል ያለው ቧንቧ ብቻውን እየቀደመና እየቀረ ይዞራል እንጂ ዲፈረንሻሉ ዘንድ የሚደርሰው ልክ ካምቢዮው የሰጠው እኩል ዙር ነው። እኔ ይህን ነገር መጀመሪያ የተረዳሁ ቀን የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። በአንድ ስሕተት ላይ ሌላ ስሕተት ተጨምሮ እውነት ይወጣል።

ግን ሁለት ግዴታ አለበት። አንደኛው፣ በሻፍቱ ሁለት ጫፍ ያሉት ሹካዎች ጆሮዎቻቸው በአንድ መስመር መሆን አለባቸው። ሻፍቱ መሐሉ ላይ የሚገባና የሚወጣ ባለጥርስ ክፍል አለው፤ ለቅባት ወይም ለጥገና ሲፈታ በነጭ ቀለም መስመር ሳይሰመርበት ተላቅቆ፣ ሲመለስ ጥርስ ከተዘለለ ሁለቱ ክሮቸራዎች መተጋገዛቸው ቀርቶ እርስ በርስ ይባባሳሉ። ሁለተኛው፣ የሁለቱ እጥፋት እኩል መሆን አለበት። እኩል የሚሆነው ደግሞ ከካምቢዮ የሚወጣው መስመርና ወደ ዲፈረንሻል የሚገባው መስመር ትይዩ ሲሆኑ ነው።

ይህ ትምህርት ቤት የተማርነው ነገር ነው። ሁለት ትይዩ መስመሮችን አንድ ሰያፍ መስመር ሲያቋርጣቸው ተለዋጭ ማዕዘኖቹ እኩል ናቸው። ካምቢዮው አንዱ ትይዩ፣ ዲፈረንሻሉ ሌላው፣ ሻፍቱ ሰያፉ። የዚህ ውበቱ ጉድጓድ ውስጥ ነው። አክስሉ ሲዘል ሰያፉ ይቀየራል፤ ሁለቱ ትይዩዎች ግን ትይዩ እስከሆኑ ድረስ ሁለቱም እጥፋት አብረው ይጨምራሉ፣ አብረው ይቀንሳሉ። ፋብሪካው ሞተሩን በጥቂት ዲግሪ ወደ ኋላ አጋድሎ፣ የዲፈረንሻሉንም አፍንጫ ያንኑ ያህል ቀና አድርጎ የሚሠራው ለዚህ ነው።

ሞተር ሲለወጥ የሚፈርሰው ይህ ስምምነት ነው። አዲሱ ሞተር ቁመቱ ሌላ፣ የዘይት ኮፓው ቅርጽ ሌላ፣ ካምቢዮው ርዝመቱ ሌላ ነው። የጋሼ መኪና ላይ ኮፓው ከፊተኛው አክስል ጋር ተጋጨ። መካኒኩ የሞተሩን የፊት መቀመጫ ከፍ አድርጎ በየደው፤ ግጭቱም ቀረ። አፍንጫው ከፍ ያለ ሞተር ግን ጅራቱ ዝቅ ይላል፤ ካምቢዮው ድሮ ከነበረው በላይ ቁልቁል አየ። ዲፈረንሻሉን የነካው የለም። እሱ የድሮውን ሞተር እንደጠበቀ ቀረ።

በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ሙቀቱ ሳይነሣ፣ ልንለካው ገባን።

ልኬቱ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። 57 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ነገር ውሰዱ። አንዱ ጫፍ ከሌላው በ1 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ ዝንባሌው 1 ዲግሪ ነው፤ በ2 ከፍ ካለ 2። ያንን ቀጥ ያለ ነገር ሻፍቱ ላይ፣ ውኃ ልኩን ደግሞ በላዩ አስቀምጡና ዝቅ ያለውን ጫፍ አረፋው መሐል እስኪመጣ አንሡት፤ ከሥሩ የተፈጠረውን ክፍተት በማስመሪያ ለኩ። ለካምቢዮውና ለዲፈረንሻሉ ግን 57 ሳንቲም የሚያስቀምጥ ቦታ የለም። ስለዚህ በግማሹ እንሠራለን። 28 ሳንቲም ተኩል የሆነ ቀጥ ያለ ብረት ሻፍቱ በሚታሰርበት ክብ ፊት ላይ ቁመቱን ተለጥፎ ይያዝና በአጠገቡ ቱምቢ ይንጠልጠል። የብረቱ አንዱ ጫፍ የቱምቢውን ክር ነክቶ ሌላው ጫፍ በግማሽ ሳንቲም ከራቀ 1 ዲግሪ ነው። ዛሬ ስልክም ውኃ ልክ አለው፤ ጫፉ ቀጥ ያለ ከሆነና ሽፋኑ ከወለቀ ይሠራል። እኔ ግን ሁለቱንም አድርጌ ማስተያየት እመርጣለሁ።

ሦስት ቁጥር ብቻ ነው የሚፈለገው፦ የካምቢዮ፣ የሻፍት፣ የዲፈረንሻል። ግቢው ራሱ ዘመም ያለ ቢሆን አያስጨንቅም፤ የመሬቱ ዝንባሌ በሦስቱም ላይ እኩል ስለሚደመር ስንቀናንስ ይጠፋል። የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር ነው። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ አክስሉ ተንጠልጥሎ ከተለካ ልኬቱ ውሸት ነው። ጎማው መሬት ይርገጥ።

ያገኘነው ይህን ነው። ካምቢዮው ወደ ኋላ 7 ዲግሪ አጋድሏል። ሻፍቱ 9 ዲግሪ። ዲፈረንሻሉ 3 ዲግሪ። ከ9 ላይ 7 ሲቀነስ የፊተኛው ክሮቸራ እጥፋት 2 ዲግሪ ነው። ከ9 ላይ 3 ሲቀነስ የኋለኛው 6 ነው። አሁን ለምን ሁልጊዜ የኋለኛው እንደሚሞት ግልጽ ሆነ። የፊተኛው የ2 ዲግሪ ሥራ ይሠራል፤ የኋለኛው የ6። ሁለቱ አይጠፋፉም። የሚተርፈው መዋለል አንድ ብቻውን የቆመ 5.7 ዲግሪ የታጠፈ ክሮቸራ የሚያመጣውን ያህላል። በመቶኛ ሲታይ ግማሽ በመቶ ያህል ነው፤ ነገር ግን በአንድ በኩል የሞተሩ ከባድ ቮላኖ፣ በሌላው በኩል ሽንኩርት የጫነ መኪና አለ፤ ሁለቱም ፍጥነታቸውን መቀየር አይወዱም። መሐል ያለው መስቀልና ጥቃቅኑ መርፌዎች ናቸው የሚቀጠቀጡት።

ስንት ጊዜ? ይህን ከጋሼ ጋር ደብተር ላይ አሰላነው። የ7.50–16 ጎማ በአንድ ዙር 2.5 ሜትር ያህል ይሄዳል። 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት በደቂቃ 1,000 ሜትር ነው፤ ጎማው 400 ጊዜ ይዞራል። የዲፈረንሻሉ ጥርስ 4.11 ስለሆነ ሻፍቱ በደቂቃ 1,640 ያህል፣ በሰከንድ 27 ጊዜ ይዞራል። በዙር ሁለት ጊዜ ስለሚመታ በሰከንድ 55 ምት። መስታወቱ ውስጥ መንገዱን ሁለት የሚያደርገው ይህ ነው።

«ሞተሩ እንዳልሆነ ግን በምን ታውቃለህ?» አሉኝ ጋሼ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው ጤነኛ ሞተር የሚያስወርደው ይህን ሳይጠይቅ ነው። በሜዳ፣ ሰው በሌለበት መንገድ፣ በሚንቀጠቀጥበት ፍጥነት ላይ ፍሪሲዮን ረግጦ ወደ ዜሮ ማርሽ ማውጣት። ሞተሩ ወደ ዝቅተኛ ዙር ይወርዳል፤ መኪናው በራሱ ይንከባለላል። መንቀጥቀጡ ከቀጠለ ነገሩ ከካምቢዮ በኋላ ነው። ቁልቁለት ላይ ግን ይህ አይሞከርም። ጋሼ ወደ ጀውሃ በሚወስደው ሜዳ ላይ ሞከሩት፤ ቀጠለ። ይህ ብቻ ማዕዘኑን ጥፋተኛ አያደርገውም። የተቀጠለ ሻፍት ሚዛኑ ከተዛባም ይንቀጠቀጣል፤ እዚያ ግን ምቱ በዙር አንድ ጊዜ ነው እንጂ ሁለት አይደለም፤ ሸካራነቱም ይለያል። የጋሼ ሻፍት ባለ 4 ሲሊንደሩ ሞተር አጭር ስለሆነ ተቀጥሎ የተበየደ ነው፤ ስለዚህ ሚዛኑንም አዲስ አበባ ልከን አስለካነው። ደህና ነበር።

ማረሙ ከሁለቱም ጫፍ ነው። ከፊት ሁሉንም መጨረስ አልቻልንም። ካምቢዮውን በጣም ከፍ ካደረግነው ወለሉን ይነካል፣ የማርሽ ዘንጉም ቀዳዳውን ይስታል። ኮፓው ቅርጹ ትንሽ ተስተካክሎ የሞተሩ አፍንጫ 1 ሳንቲም ተኩል ወረደ። ካምቢዮው በሚቀመጥበት ተሻጋሪ ብረትና በመቀመጫው ጎማ መካከል ወፍራም የብረት ንጣፍ ገባ። ካምቢዮው ከ7 ወደ 5 ዲግሪ መጣ። ጅራቱ በ2 ሳንቲም ስለተነሣ ሻፍቱም ከ9 ወደ 8 ዝቅ አለ።

ከኋላ ሽብልቅ ነው። በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የሚገባ፣ አንዱ ጫፉ ወፍራም ሌላው ቀጭን የሆነ ብረት፤ የዲፈረንሻሉን አፍንጫ ቀና ያደርጋል። ለአንድ ዲግሪ የሚያስፈልገው 10 ሳንቲም ርዝመት ባለው ብረት ላይ ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ የውፍረት ልዩነት ነው። ቶርኖ ቤት ሄዶ በልክ ማስጠረብ ይሻላል፤ ለስላሳ ብረት ከሆነ ይደቀቃል፤ ሁለት ሽብልቅ መደራረብም ልክ አይደለም። የባሌስትራው የመሐል ቡሎን በዚያው ልክ ረዘም ይላል። ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

ዲፈረንሻሉን ወደ 5 ሳይሆን ወደ 4 ዲግሪ ነው ያመጣነው። ጋሼ «ትይዩ ነው ብለኸን አልነበር?» አሉ። ብዬ ነበር። ባለባሌስትራ መኪና ግን ሲጎትት አክስሉ ባሌስትራውን ይጠመዝዘውና የዲፈረንሻሉ አፍንጫ በራሱ ቀና ይላል። ቆሞ 4 የሆነው ሲጎትት ወደ 5 ይጠጋል። ያኔ ፊትም ኋላም 3 ዲግሪ ይሆናል። ትይዩነቱ የሚፈለገው መኪናው በሥራ ላይ ሳለ ነው፤ ግቢ ውስጥ ቆሞ አይደለም። ሁለቱን ዜሮ ማድረግም አይጠቅምም። መስቀሉ ፈጽሞ ካልታጠፈ መርፌዎቹ አይንከባለሉም፤ አንድ ቦታ ላይ ቆመው እየተመቱ ብረቱን ይሰረጉዱታል። ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ባለው መካከል ሲሆን ክሮቸራው ይንቀሳቀሳል፣ ግራሶውም ይዳረሳል።

ከላይ ሲታይ ደግሞ ካምቢዮና ዲፈረንሻል ሁልጊዜ አንድ መስመር ላይ አይደሉም። የጎን እጥፋትም አለ፤ ከቁመቱ እጥፋት ጋር ይደመራል፤ አደማመሩ ግን እንደ ገንዘብ አይደለም። 3 ዲግሪ ወደ ታች፣ 4 ዲግሪ ወደ ጎን ቢሆን 7 አይሆንም፤ 5 ነው። ሞተር የሚገጥም ሰው በጎንም ትይዩነቱን በክር ቢያይ ከብዙ ጣጣ ይተርፋል። አይሱዙ ያላቸው ጎረቤቶች ደግሞ ሻፍታቸው ሁለት ቁራጭ ነው፤ መሐል ላይ በኩሽኔታ ይያዛል። ሻንሲ ያስረዘመ ሰው ያ የመሐል ኩሽኔታ ከፍታው እንደተለወጠ ካላየ፣ የጋሼ ጣጣ ደጁ ይመጣል።

ይህን ሁሉ የምለፋበትን ምክንያት ልናገር። ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማ በር የሚወጣ መኪና ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ሲመለስ ያንኑ ይወርዳል። ሲወርድ ሾፌሩ ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተር ይይዘዋል። ሞተሩ የሚይዘው በዚያው ሻፍት፣ በዚያው መስቀል በኩል ነው። ክሮቸራው ቁልቁለቱ ላይ ከተበጠሰ የሞተሩ መያዝ አለቀ። በቀድሞዎቹ ላንድክሩዘሮችና በላንድሮቨሮች ላይ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ ታምቡር ያለው ጎማው ላይ ሳይሆን ከካምቢዮው ኋላ፣ ሻፍቱ ራስ ላይ ነው። ሻፍቱ ሲለቅ የእጅ ፍሬኑም የሚይዘው ጎማ የለውም። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ የእግር ፍሬን ብቻ ይቀራል፣ እሱም ከጣርማ በር ጀምሮ ሲግል የቆየ። የፊተኛው ጫፍ ከለቀቀ ደግሞ ሻፍቱ ወርዶ አስፋልቱን ይወጋል። ስለዚህ ከሻፍቱ የፊት ጫፍ ሥር ሻንሲው ላይ የታሰረ ክብ ብረት እንዲኖር ጋሼን ለምኜ አስደረግሁ። ወጪው ከአንድ ክሮቸራ አይበልጥም። የሚቀጥለው ክሮቸራ በአራት ወር ይሞታል ብሎ ዝም ብሎ የሚነዳ ሰው ሳይ ሆዴ ይባባል። ፒካፑ ኋላ ሽንኩርት ብቻ አይደለም የሚጫነው፤ ከጆንያው ላይ ሰው ተቀምጦ ነው የሚወጣው።

የመጨረሻው ልኬት ቅዳሜ ነበር፤ ጋሼ ሽንኩርቱን እስከ ጎኑ ጫፍ ጭነው። ጭነት ሲገባ ባሌስትራው ይዘረጋል፣ የሻንሲውም ጀርባ ስለሚወርድ ካምቢዮው ይበልጥ ወደ ኋላ ይጋደላል። ባዶውን የተለካ መኪና የሚዋሽበት ሌላው ቦታ ይህ ነው። ሰሌኑን አንጥፌ ሥሩ ገባሁ፤ ጋሼ ቱምቢውን ያዙልኝ፤ እትዬ ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉ። ሁለቱም እጥፋት ከ2 ዲግሪ በታች ነበር፤ ልዩነታቸው ከግማሽ ዲግሪ አላለፈም። እትዬ ሁለቱን ቁጥሮች አንዱን ከሌላው ሥር አድርገው ካዩ በኋላ «እኩል ናቸው» ብለው እስክሪብቶውን ከደኑ።

ጋሼ ማታ ከደብረ ሲና ተመልሰው መጡ። መስታወቱ ውስጥ መንገዱ አንድ እንደነበር ነገሩን። የባሌስትራውን ቡሎኖች 500 ኪሎ ሜትር ላይ እንደገና ማጥበቅ እንዳለባቸው በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ በኖራ ጽፈዋል፤ አዲስ ሽብልቅ የገባበት ባሌስትራ ሲረጋጋ ዳዶው ይላላልና። 28 ሳንቲም ተኩሏን ብረት ደግሞ ከመቀመጫው ኋላ፣ ከክሪኩ ጎን አስረዋታል።